ለውኃ ኮሚቴውና ለማኅበሩ የተላከው የመንግሥት ገንዘብ ለማን ይነገራል?

በልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም በታቀፉ የወሎ፣ የዋግ ኽምራና የጎንደር ቀበሌዎች ነዋሪው የለመደው አንድ ሥርዓት አለ። የተጠቃሚዎች ስም ዝርዝር በግብረ ኃይሉ ከተዘጋጀ በኋላ በሕዝብ ስብሰባ ላይ ይነበባል። የማይገባው ገብቶ እንደሆነ ወይም የሚገባው ተረስቶ እንደሆነ ነዋሪው እጁን አውጥቶ ይናገራል፤ ቅር የተሰኘም አቤቱታውን ለቀበሌው ቅሬታ ሰሚ ኮሚቴ ያቀርባል። በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው የዚህ ፕሮግራም መመሪያ የሚያዝዘው ይህንኑ ነው። አፈጻጸሙ ከቦታ ቦታ ይለያያል፤ ስብሰባው በጥድፊያ የሚያልፍበት፣ የተገፋ ሰው ድምፁ የማይሰማበት ጊዜም አለ። ቢሆንም ዝርዝሩ በአደባባይ መነበብ እንዳለበት የሚከራከር የለም።

በዚያው ቀበሌ ለአንድ የመጠጥ ውኃ ኮሚቴ፣ ለአንድ የወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት ወይም ለአንድ የወጣቶች ማኅበር ከመንግሥት ካዝና የወጣ ገንዘብ ስንት እንደሆነ፣ መቼ እንደተላከና ለምን እንደታሰበ የሚነገርበት ይህን ያህል የጸና ልማድ ግን የለም። ለጥቂት ወራት ቀለብ የሚሰፈርለት ድሃ ስሙ በጉባኤ ይጠራል፤ ለመላው ጎጥ የተላከ ገንዘብ ግን በፈራሚዎችና በአንድ የባንክ ደብተር መካከል ሊቀር ይችላል። ይህ የአሠራር መዛነፍ ለምን እንደተፈጠረና ማንን እንደሚጎዳ ማየት ተገቢ ነው።

ከመንግሥት በጀት ወደ ኅብረተሰብ አደረጃጀቶች የሚሄደው ሀብት በአንድ ቧንቧ አይፈስም። በትምህርት ቤቶች በተለምዶ «ስኩል ግራንት» እየተባለ የሚጠራው ድጎማ በተማሪ ቁጥር ልክ ተሰልቶ ይላካል፤ በአጠቃቀሙም ላይ የወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረቱ እንዲመክር ይጠበቃል። በከተሞች ነዋሪው ገንዘብ አዋጥቶ የሰፈሩን መንገድ ጌጠኛ ድንጋይ ሲያስነጥፍ ማዘጋጃ ቤቱ የራሱን ድርሻ የሚጨምርበት አሠራር አለ። ለመስኖ ተጠቃሚዎች የውኃ መሳቢያ ሞተር፣ ለተደራጁ ወጣቶች የመሥሪያ ሼድ በዓይነት ይሰጣል። በዓይነት የሚሰጠውም ገንዘብ ነው፤ ዋጋው ስላልተጻፈበት ብቻ ነጻ ስጦታ ይመስላል።

ከእነዚህ ሁሉ አሠራሩ በዝርዝር የተቀረጸውና ለክልሉ አርሶ አደር ቅርብ የሆነው በገጠር የመጠጥ ውኃ ላይ ያለው ነው። በፊንላንድ መንግሥት ድጋፍ በአማራ ክልል ይካሄድ የነበረው የገጠር ውኃ አቅርቦትና አካባቢ ፕሮግራም በ1990ዎቹ አጋማሽ አንድ ያልተለመደ ነገር ሞከረ። ለጉድጓድና ለምንጭ ግንባታ የተመደበውን ገንዘብ ወረዳው ከሚያወጣው ይልቅ ነዋሪው የመረጠው የውኃ ኮሚቴ እንዲያወጣው አደረገ። ገንዘቡ ይተላለፍ የነበረው በዚያን ጊዜው አማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም፣ በኋላ ጸደይ ባንክ በሆነው አብቁተ በኩል ነበር። በ2003 ዓ.ም. መጨረሻ የተጀመረው ኮዋሽ የተባለው ፕሮጀክት ይህንኑ ስልት ወስዶ ወደ ሌሎች ክልሎችም አሰፋው፤ የአገሪቱ የዋን ዋሽ ብሔራዊ ፕሮግራምም ከተቀበላቸው የአፈጻጸም ስልቶች አንዱ ሆነ።

ስልቱ በተግባር እንዲህ ነው። ጎጡ ያመለክታል፤ ወረዳው መርምሮ ያጸድቃል፤ ውል ይፈረማል። ኮሚቴው በስሙ ሂሳብ ይከፍታል። ነዋሪው ጉልበቱን፣ አሸዋና ድንጋዩን እንዲሁም ጥሬ ገንዘብ ያዋጣል፤ ለወደፊት ጥገና የሚሆን ቁጠባም አስቀድሞ ያስገባል። የመንግሥቱ ድርሻ በአንድ ጊዜ አይመጣም፤ በየምዕራፉ ተከፋፍሎ ይለቀቃል፣ ያለፈው ሳይወራረድም ቀጣዩ አይለቀቅም። ሲሚንቶውን የሚገዛው፣ ቆፋሪውንና ግንበኛውን የሚያዋውለው ኮሚቴው ራሱ ነው። ብዙ ያልተማሩ ሰዎች ይህን ያህል ኃላፊነት ይሸከማሉ ብሎ መጀመሪያ ላይ የተጠራጠረ ባለሙያ ጥቂት አልነበረም፤ ጉድጓዶቹ ግን ተቆፈሩ።

ከጥቅሞቹ አንዱ የበጀት ዓመቱን መዝጊያ የተመለከተ ነው። ሰኔ 30 ሲደርስ በመሥሪያ ቤት እጅ ያልተሠራበት ገንዘብ ወደ ካዝና ተመላሽ ይሆናል፤ በሰኔ የሚታየው የግዥ ጥድፊያም ከዚህ የመጣ ነው። ወደ ኮሚቴው ሂሳብ የገባው ግን ክረምቱ አልፎ መሬቱ ለቁፋሮ እስኪመች ይቆያል። ነገር ግን ይኸው ጥቅም ሌላ ጥያቄ ያስከትላል። ገንዘቡ ከወረዳው ወጥቶ በኮሚቴው ሂሳብ ሲቀመጥ ከምክር ቤቱ ሪፖርትና ከመደበኛው የወጪ መዝገብ አንድ እርምጃ ይርቃል። ከዚያ በኋላ በየቀኑ ሊያየው የሚችለው በአጠገቡ ያለው ነዋሪ ነው፤ ነዋሪው ደግሞ የሚያየው የተነገረውን ያህል ብቻ ነው።

የውኃ ኮሚቴ አባላት ደመወዝ የላቸውም። የእርሻ ሥራቸውን ትተው ወረዳ ይመላለሳሉ፣ ፕሮፎርማ ይሰበስባሉ፣ ሲሚንቶ ሲራገፍ ያድራሉ። አሸዋ በአህያ ጭኖ የሚያቀርበው ገበሬ ደረሰኝ የለውም፤ ቆፋሪውም ሂሳቡን ሲቀበል ጣቱን ቀለም ነክሮ ይፈርማል። ኮሚቴው ሰው አስመስክሮ በደብተር ላይ ይጽፋል እንጂ ሌላ ማድረግ አይችልም። የተላከው ገንዘብ ስንት እንደሆነ ያልሰማ ነዋሪ በዓይኑ የሚያገኘው የፈሰሰውን ሲሚንቶና የተተከለውን ፓምፕ ብቻ ነው። ከተማ ወርዶ የሲሚንቶ ዋጋ የጠየቀ አንድ ሰው ይበቃል፤ «በሉት» የሚለው ወሬ ለሚቀጥለው ገበያ ይደርሳል። ከኮሚቴው አባላት ግማሾቹ ሴቶች እንዲሆኑ ይፈለጋል፤ ገንዘብ ያዥ የሆነች ሴት እንዲህ ያለው ሐሜት ሲነሳባት በባሏና በዘመዶቿ ፊት ሳይቀር መልስ ትጠየቃለች። ወሬ ሐቀኛውንና ሌባውን እኩል ይመታል፤ ሌባው ግን አስቀድሞ ተጠቅሟል።

ስለዚህ ገንዘቡን ይፋ ማድረግ በኮሚቴ ላይ የሚመዘዝ በትር ተደርጎ መታየቱ ስህተት ነው። ተጠቃሚው በመጀመሪያ ኮሚቴው ራሱ ነው። የተላከው፣ የወጣውና የቀረው ከመነሻው ተነግሮ ከሆነ ገንዘብ ያዧ ማስረጃ የምትፈልገው ወሬውን ለማስተባበል አይሆንም፤ ወሬው የሚያርፍበት ቦታ ያጣል።

የአገሬው ልማድ በዚህ ረገድ ከመሥሪያ ቤት አሠራር ቀድሟል። እድርተኛ በወር የሚያዋጣው ብር ጥቂት ቢሆንም ስንት እንደተሰበሰበ፣ ለማን ሐዘን ስንት እንደወጣ፣ ድንኳንና ሰሃን ስንት እንደቀረ በጉባኤ ይሰማል። ጸሐፊው መዝገቡን ሲያነብ ዝም ብሎ የሚቀመጥ አባል የለም። ልማዱ የሚላላው ገንዘቡ ከውጭ ሲመጣ ነው። በኤች አይ ቪ ኤድስ ዘመቻ ዓመታት ብዙ እድሮች ወላጅ አልባ ሕፃናትን ለመደገፍ ከመንግሥትና ከለጋሾች ገንዘብ ተቀብለው ሠርተዋል። ከኪሱ ያልወጣ ገንዘብ ሲሆን አባሉ የመጠየቅ መብት ያለው አይመስለውም፤ «መንግሥት ሰጥቷል፣ መንግሥት ይቆጣጠረው» ይላል። ገንዘቡ ግን ዞሮ ዞሮ ከግብሩና ከቀረጡ የተገኘ ነው፤ ከለጋሽ የመጣውም ቢሆን በእርሱ ስም የመጣ ነው።

ሕጉ ምን ይላል? የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ መሆን እንዳለበት ይደነግጋል። የመገናኛ ብዙኃንና የመረጃ ነጻነት አዋጅ ቁጥር 590/2000 ደግሞ ማንኛውም ሰው በመንግሥት አካል እጅ ያለን መረጃ የመጠየቅ መብት እንዳለው ደንግጎ መሥሪያ ቤቱ በ30 ቀናት ውስጥ መልስ እንዲሰጥ ያስገድዳል። መጻፍ የማይችል ሰው በቃሉ መጠየቅ ይችላል፤ ጥያቄውን በጽሑፍ የማስፈር ግዴታ የሕዝብ ግንኙነት ሠራተኛው ነው። መልስ የተነፈገ ለመሥሪያ ቤቱ የበላይ ኃላፊ፣ ከዚያም ለሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም አቤት ይላል። መገናኛ ብዙኃንን የተመለከተው ክፍል በ2013 ዓ.ም. በሌላ አዋጅ ቢተካም ይህ የመረጃ መብት ክፍል አልተሻረም። ይሁንና አንድ አርሶ አደር ስለ ጎጡ ውኃ ሊጠይቅ የግማሽ ቀን መንገድ ተጉዞ ወረዳ ከሚሄድ፣ መረጃው ወደ እርሱ ቢመጣ ይቀላል።

በተቀባዮቹ በኩል ያለው ሕግ ወጥነት የለውም። የኅብረት ሥራ ማኅበራት በአዋጅ ቁጥር 985/2009 ሂሳባቸው በየጊዜው ኦዲት ይደረጋል፤ ጠቅላላ ጉባኤውም ውጤቱን ይሰማል። የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 ድርጅቶች ዓመታዊ የሥራና የሂሳብ ሪፖርት እንዲያቀርቡ ያዝዛል፤ ነገር ግን እድርና እቁብን በግልጽ ከአዋጁ ውጭ አድርጓል፣ በአንድ ክልል ብቻ የሚሠሩትንም ለክልሎቹ ሕግ ትቷል። ይህ ትክክለኛ ውሳኔ ነው፤ የሰፈር እድርን እንደ ትልቅ ድርጅት ሪፖርት አምጣ ማለት እድሩን ማፍረስ ነው። ውጤቱ ግን ትንሹና ለነዋሪው የቀረበው አደረጃጀት ከመንግሥት ገንዘብ ሲቀበል ስለዚያ ገንዘብ የመናገር ግዴታው በግልጽ አለመቀመጡ ነው።

መፍትሔው ግዴታውን በሰጪው ላይ ማኖር ይመስላል። ወረዳው ወይም ማዘጋጃ ቤቱ ለየትኛው ኮሚቴ፣ ለምን ሥራ፣ ስንት ብር፣ በየትኛው ቀን እንዳስተላለፈ በእጁ የተጻፈ አለው። ያንን ማሳወቅ አዲስ ኦዲተር አይጠይቅም፤ የማኅበሩን ጸሐፊም በአዲስ ቅጽ አያስጨንቅም። አንድ መስመር ጽሑፍ ነው።

ለዚህ ዓይነቱ ሥራ መነሻ የሚሆን ልምድ በአገር ውስጥ አለ። ከ1997ቱ ምርጫ ቀውስ በኋላ ለጋሾች ቀጥተኛ የበጀት ድጋፋቸውን አቁመው ሳለ በ1998 ዓ.ም. መሠረታዊ አገልግሎቶችን የሚደግፍ ፕሮግራም ተጀመረ። ከክፍሎቹ አንዱ የፋይናንስ ግልጽነትና ተጠያቂነት የሚባለው ነበር። ወረዳዎች በጀታቸውንና ወጪያቸውን በሰሌዳ ላይ መለጠፍ ጀመሩ፤ ነዋሪው በጀት ማንበብ እንዲችልም ትምህርት ተሰጠ። ከዚሁ ጎን የማኅበራዊ ተጠያቂነት ፕሮግራም ነዋሪውንና አገልግሎት ሰጪውን ፊት ለፊት አገናኘ። ብዙ ተሠርቷል፤ ሆኖም ሰሌዳው ላይ ይወጣ የነበረው በአብዛኛው የሴክተር ድምር ነበር። ትምህርት ይህን ያህል ሚሊዮን፣ ጤና ይህን ያህል፣ ግብርና ይህን ያህል፤ መደበኛ ይህን ያህል፣ ካፒታል ይህን ያህል። አርሶ አደሩ የወረዳውን የካፒታል በጀት ድምር አይቶ ሊመሰክርበት የሚችል ነገር የለም። «ለዚህ ጎጥ የውኃ ኮሚቴ ይህን ያህል ብር ተላልፏል» ቢባል ግን ጉድጓዱ አለ ወይም የለም፤ ለመመስከር ትምህርት አያስፈልገውም።

ዝርዝር ወደ ተቀባዩ ደጃፍ ሲደርስ ምን እንደሚሆን በምሥራቅ አፍሪካ ደጋግሞ የሚጠቀሰው ምሳሌ የኡጋንዳ ነው። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አጋማሽ በኡጋንዳ 250 በሚሆኑ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የተደረገ ጥናት፣ ማዕከላዊው መንግሥት በተማሪ ቁጥር ልክ ከላከው የሥራ ማስኬጃ ድጎማ እ.ኤ.አ. ከ1991 እስከ 1995 ድረስ በአማካይ ትምህርት ቤቶቹ ዘንድ የደረሰው 13 በመቶ ብቻ መሆኑን አገኘ። ቀሪው በወረዳ እርከን ቀርቷል። አብዛኞቹ ትምህርት ቤቶች ምንም አልደረሳቸውም፤ ወላጆቹም የሚመጣ ገንዘብ መኖሩን አያውቁም ነበር። መንግሥቱ ለየወረዳው የላከውን መጠን በጋዜጣ ማሳተም ጀመረ፤ ትምህርት ቤቶችም የደረሳቸውን በግድግዳቸው ላይ እንዲለጥፉ ታዘዘ። እ.ኤ.አ. በ2001 የሚደርሰው ከ80 በመቶ በላይ ሆነ።

ይህ ምሳሌ ሲጠቀስ ብዙ ጊዜ የሚዘለል ክፍል አለው። በእነዚያው ዓመታት ኡጋንዳ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርትን ነጻ አድርጋለች፤ የገንዘብ አላላክ ሥርዓቷንም ቀይራለች፤ የማዕከላዊው መንግሥት ቁጥጥርም ጠብቋል። በኋላ የተነሡ ተመራማሪዎች ለውጡን ሁሉ ለጋዜጣው ማስታወቂያ መስጠት እንደማይቻል አሳይተዋል። ወረቀት ተለጥፎ የሚጠይቅ ከሌለ፣ ጠይቆም የሚመልስ ከሌለ ግድግዳውን ከማስጌጥ አያልፍም። ለዚህ ክልል የሚጠቅመውም ይኸው ነው፤ ማስታወቂያው ከስብሰባው፣ ስብሰባው ከአቤቱታው ካልተያያዘ የሴፍቲኔቱ ዝርዝር ያለው ኃይል አይኖረውም።

የሚነሡ ተቃውሞዎች አሉ፤ ከሁሉ የከበደው የደኅንነት ነው። በክልሉ ባለው የጸጥታ ችግር ውስጥ «በእገሌ እጅ ይህን ያህል ብር አለ» ብሎ መለጠፍ ገንዘብ ያዡን ለዘረፋና ለእገታ ማጋለጥ ነው የሚል ሥጋት በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። ነገር ግን መለጠፍ ያለበት የተቋሙ ስም፣ መጠኑና ሥራው ነው። የፈራሚዎች ስም፣ መኖሪያና የሂሳብ ቁጥር ለሕዝብ የሚፈይደው ነገር የለም፤ በወረዳው መዝገብ ይቆይ። ገንዘቡ በባንክ ሆኖ በጋራ ፊርማ የሚወጣና በየምዕራፉ የሚለቀቅ መሆኑም አብሮ ቢነገር ይጠቅማል። ችግሩ በጠናበት ቀበሌ ደግሞ መጠኑን ሥራው ካለቀ በኋላ መናገር ዘግይቶም ቢሆን ካለመናገር ይሻላል።

ሁለተኛው ሥጋት መዋጮን ይመለከታል። የመንግሥት ድርሻ ከታወቀ ነዋሪው «ገንዘቡ መጥቷል፣ እኛ ለምን እናዋጣ?» ይላል ይባላል። ሊል ይችላል። ሆኖም መዋጮውን በመደበቅ ላይ የመሠረተ ኮሚቴ ዕድሜ የለውም፤ በጌጠኛ ድንጋይ ሥራ ያዋጣ የከተማ ነዋሪም የማዘጋጃ ቤቱ ድርሻ ስንት እንደሆነ ሳያውቅ መንገዱ በግማሽ ሲቆም ሁለተኛ እንዲያዋጣ ማሳመን ምን ያህል አስቸጋሪ እንደሆነ የሰፈር ኮሚቴዎች ያውቁታል። ጎረቤት ጎጥ ይቀናል የሚለው ግን ተቃውሞ አይደለም፤ የቀናው ጎጥ ለምን እንዳልደረሰው ቢጠይቅ መብቱ ነው።

የሚነገርበት ቦታና ጊዜም ከሚነገረው ነገር እኩል ይመዝናል። በቀበሌው ጽሕፈት ቤት ውስጥ፣ በቁልፍ በሚዘጋ በር ጀርባ የተለጠፈ ወረቀት ይፋ ሆነ አይባልም። ማንበብ ለማይችል ሰው ደግሞ ከቤት ውጭ ቢለጠፍም ያው ነው። ገጠሩ የራሱ የመረጃ መንገድ አለው፤ ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያን ደጃፍ፣ ከጁምዓ ሶላት በኋላ በመስጊድ፣ በገበያ ቀን በገበያው መግቢያ፣ ሬዲዮ በሚደርስበትም በሬዲዮ። የግብርና ባለሙያውና የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ለክትባትና ለማዳበሪያ ይህንኑ መንገድ ይጠቀሙበታል። ጊዜውን በተመለከተ ደግሞ የዓመቱ መጨረሻ ረፍዷል። ነዋሪው መስማት ያለበት ገንዘቡ በተለቀቀ ሰሞን፣ ሲሚንቶው ሳይገዛ ነው፤ ግንቡ ከቆመ በኋላ ስንት ሲሚንቶ እንደገባበት ቆጥሮ የሚናገር የለም።

መዝገቡ ከሥራው መጠናቀቅ በኋላም ይፈለጋል። ኮሚቴ ይለወጣል፤ ደብተሩና ደረሰኞቹ ግን በቀድሞው ገንዘብ ያዥ ቤት በሣጥን ውስጥ ይቀራሉ። ፓምፑ ከዓመታት በኋላ ሲሰበር አዲሱ ኮሚቴ በመጀመሪያ የሚፈልገው ለጥገና ተብሎ አስቀድሞ የተቆጠበውን ብር ነው። ስንት እንደነበረ የሚያውቀው ማን ነው? በየትኛው ቅርንጫፍ ተቀመጠ? ከፈራሚዎቹ አንዱ አርፈው፣ አንዷ ልጆቿን ተከትላ ከተማ ገብታ ከሆነ ሂሳቡን ለማንቀሳቀስ አዲስ ቃለ ጉባኤ፣ የቀበሌ ማኅተምና የወረዳ ደብዳቤ ያስፈልጋል። በገበያ ቀን ተነግሮ፣ አንድ ቅጂውም በወረዳው ውኃ ጽሕፈት ቤት ተቀምጦ ቢሆን ኖሮ ጉዳዩ የአንድ ቀን ሥራ ነበር። አሁን ግን ወረቀቱ እስኪሟላ ሳምንታት ያልፋሉ፤ የጎጡ ሴቶችም እንስራቸውንና ጀሪካናቸውን ይዘው ወደ ወንዙ ይመለሳሉ።